እባክዎ እምቢ ይበሉን

የህንድ ፊልም የሚወድ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚናገርና የሚደብቅ። እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን ለመማር አዲስ አበባ እስክገባ ድረስ ከሚናገሩት ወገን ነበርኩ። ግቢ ውስጥ ግን የሰው ትምህርት ከፍ ሲል የሚያየው ፊልምም አብሮ ከፍ እንዲል የሚጠበቅ ይመስለኛል። የክፍል ጓደኞቼ ስለ ፊልም ካነሱ ማንም የማይስቅበት፣ ማንም የማይዘፍንበት፣ ሲያልቅ ማለቁ የማያስታውቅ ነገር ነው የሚያነሱት። እኔም ኮስተር ብዬ «ለፊልም ጊዜ የለኝም» እላለሁ። ከዚያ ዶርም እገባና፣ አማካሪዬ በቀይ ያዥጎረጎሩትን ምዕራፍ ሁለት ላፕቶፔ ላይ ከፍቼ፣ ከሱ ጀርባ ደግሞ አክተሩ ዝናብ እየወረደበት ሲዘፍን አያለሁ። ሰው ሲመጣ ምዕራፍ ሁለት ወደ ፊት ይመጣል። ባለፈው የዶርም ጓደኛዬ ድንገት ገብታ ዓይኔ ቀልቶ ብታገኘኝ «አይዞሽ፣ አማካሪሽ ሁሉንም ተማሪ እንዲህ ነው የሚያደርጉት» ብላ አጽናናችኝ። በዚህ አያያዜ ምዕራፍ ሦስት ላይ መቼ እንደምደርስ እናንተው ገምቱ።

እኔን የሚገርመኝ ግን የኔ መውደድ አይደለም። እኔስ ቢያንስ ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ አነባለሁ። እስኪ አስቡት፤ ቋንቋው አይገባችሁም፣ ሃይማኖቱ ሌላ፣ ምግቡ ሌላ፣ ሰዎቹ አንድ ዘፈን ሳያልቅ አምስት ጊዜ ልብስ ይቀይራሉ፣ አክተሩ ብቻውን አንድ መንደር ሰው ይደበድባል። ታዲያ ሸዋ ሮቢት ዳር ማሾና ሽንኩርት የሚያመርት ገበሬ ምን ቤት ነኝ ብሎ ነው አብሯቸው የሚያለቅሰው? ይህን የምጠይቀው ለጥናቴ አይደለም። ገበሬው አባቴ ነው።

ቀዳዳ ባገኘሁ ቁጥር ወደ ቤት እወርዳለሁ። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ስንደርስ ጉሙ የሚኒባሱን መስታወት ይሸፍነዋል፣ ተሳፋሪው ሁሉ ኮቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ከዚያ ቁልቁል መጠማዘዝ ስንጀምር ልብስ አንድ በአንድ ይወልቃል፣ ሸዋ ሮቢት ስንገባ የቀረን ካናቴራ ብቻ ነው። ቤት ስደርስ አባዬ ሽርጡን አገልድሞ፣ እግሩን ዘርግቶ ቴሌቪዥኑ ፊት አገኘዋለሁ። ጉንጬን ሳም ሳም ያደርገኝና «ቁጭ በይ፣ ገና መጀመሩ ነው» ይለኛል።

እናታችን የሞተችው ታናሽ እህቴ ስንዱ ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው። አባዬ ሌላ ሚስት አላገባም። ቤቱ ዝም እንዳይል ብሎ ዲሽ አስገባ፣ ከጣቢያዎቹ ሁሉ ጩኸት የሚበዛበት የህንዱ ሆኖ ተገኘ፣ በዚያው ቀረን። እኔ ለትምህርት ስወጣ ስንዱ አብራው ቀረች። ጠዋት ከተማ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች፣ ከሰዓት ተመልሳ ምግቡን ትሠራለች፣ ከዚያ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያያሉ።

አባዬ በነዚህ ፊልሞች ውስጥ አንድ ጠላት አለው። ሽጉጥ የታጠቀው ሽፍታ እንዳይመስላችሁ፤ የልጅቷ አባት ነው። ታውቁታላችሁ፣ ያ ጢሙን ያሳደገ፣ ከዘራውን ወለሉ ላይ የሚመታ፣ ሬሳዬን ተራምደሽ ካልሄድሽ የሚል ሽማግሌ። ፊልሙ እንዲያ የሚረዝመው በሱ ምክንያት ነው። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ልጁ ይሰደዳል፣ ባቡር ያመልጣል፣ አንድ ሰው የግድ ሆስፒታል ይገባል፤ ሊያልቅ ሲል ሽማግሌው እንባውን እየጠረገ የሁለቱን እጅ ያጋጥማል። አባዬ ሁልጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ይናደዳል። «ለዚህ ለዚህ ምነው መጀመሪያውኑ እሺ ቢል ኖሮ?» ይላል። መጀመሪያውኑ እሺ ካለማ ፊልም አይኖርም ብዬው አውቃለሁ። «ሰው ይግባባ እንጂ ፊልም ለምኔ» አለኝ።

እኛ አገር ደግሞ ቶሎ እሺ ማለት ነውር ነው። እንግድነት ሄደን ብሉ ስንባል አንጀታችን እየጮኸ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» እንላለን። ጋባዡ መዋሸታችንን ያውቃል፣ እኛም ማወቁን እናውቃለን፣ በሦስተኛው ልመና እንደተገደደ ሰው ሆነን እጃችንን እንታጠባለን። የሴት ልጅ ጥያቄ ሲሆንማ ነገሩ ይጠብቃል። ሽማግሌዎች ማልደው ይመጣሉ፣ ቃል ሳይሰጣቸው አይቀመጡም፣ እንደ ቆሙ ይናገራሉ። የልጅቷ አባት ፊቱን ያጨማድድና «ልጄ ገና ናት» ወይም «ዘመድ ላማክር» ብሎ ይመልሳቸዋል። ልጁና ልጅቷ ድሮ ተስማምተው ጨርሰው፣ ቀለበቱ ተገዝቶ፣ ድንኳኑ ተከራይቶ እንኳ ቢሆን ደጅ መጥናት አይቀርም። ልጅቷ የምትከበረው አባቷ በከለከለው ልክ ነው።

ባለፈው ዓመት ስንዱ ደወለችልኝ። ከኛ ብዙም የማትርቀው ጀውሃ ላይ ከሚያስተምር ዳንኤል ከሚባል ልጅ ጋር ሲዋደዱ ቆይተዋል፤ እሁድ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ለአማካሪዬ መረጃ ልሰበስብ ነው ብዬ ወረድኩ፣ ደግሞም ሰበሰብኩ፣ ለምዕራፍ ሁለት የሚሆን ባይሆንም።

ሦስት ሆነው መጡ። አንዱ የዳንኤል አጎት፣ አንዱ ቄስ፣ ተናጋሪያቸው ደግሞ ሐጂ ሰይድ። ሐጂ ሰይድ የዳንኤል ቤተሰብ ጎረቤት የሆኑ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ጀውሃ ላይ ክርስቲያኑም እስላሙም ልጅ ሊያጋባ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው እሳቸውን ነው፣ አፋቸው ማር ነው። እኔና ስንዱ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመናል።

«እንግዲህ ጋሽ ጌጡ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ «አልሐምዱሊላህ በጤና አገኘንዎት። የመጣንበት ጉዳይ ከበድ ያለ ነው። ቃላችንን ሰምተው…»

«ስንዱን ለዳንኤል አይደል?» አላቸው አባዬ። «ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ፣ ምሳ ደርሷል።»

አንድም ሰው አልተቀመጠም። ቄሱ የቤቱን ጣሪያ ማየት ጀመሩ፣ አጎትየው ቄሱን፣ ሐጂ ሰይድ ደግሞ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ስንት ቀን ያሰናዱት ንግግር ገና ደጃፉን አልተሻገረም ነበር። በመጨረሻ ተቀመጡና ምሳውን ለቅሶ ቤት እንዳለ ሰው ቀማምሰው ሄዱ።

በማግስቱ ጀውሃ ላይ ወሬው ፈላ። እንዲህ የሚቸኩል አባት የት ታይቶ ያውቃል፣ ልጅቷ አንድ ነገር ቢኖርባት ነው ተባለ። የሚጥል በሽታ አለባት ያለ አለ፣ አርግዛለች ያለም አለ። የዳንኤል እናት አልጋ ላይ ወደቁ፤ ሲነሱም «ይቆይ፣ እናጣራ» አሉ። ዳንኤል እየተንተባተበ ይህንኑ በስልክ ነገራት። ስንዱ ስልኩን ዘግታ ወደ ጓዳ ገባች። ለኛ ምግብ አቀረበች፣ እሷ ግን አልበላችም፣ ፊልም ለማየትም አልወጣች። አባዬን አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችውም፣ ይኸው ነው የባሰው። ሁለት ዓመት የተጠበቀ ጋብቻ ሊፈርስ ነበር፣ ያፈረሰውም እሺታ ነው።

እኔ ደግሞ የገረመኝን ነገር ሳልጠይቅ ማደር አልችልም። አባዬ ሽንኩርቱን ውሃ ሲያጠጣ ሄጄ «ለምንድን ነው እንዲያ የቸኮልከው?» አልኩት።

ውሃውን በዶማ ወደ ሌላው መደብ እየመለሰ «ያንን ሽማግሌ መሆን አልፈለግኩማ» አለ።

የትኛውን ሽማግሌ ብዬ አልጠየቅኩም። ስንት ዓመት ተቀምጦ ሲረግመው የኖረውን ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ልጁ ላይ እንዴት ይሁን? መልሱ አሳመነኝ። እንዲያውም አንድ ገበሬ በፊልም ምክንያት የአገር ወግ ሲለውጥ በዓይኔ አየሁ ብዬ ለጽሑፌ የሚመጥን ስም ሁሉ እፈልግለት ጀመር።

እዚያው ሳለን ሐጂ ሰይድ ብቻቸውን መጡ። ጃንጥላቸውን አጥፈው ማንጎው ሥር ተቀመጡ፤ ሽማግሌ ሆነው ካልመጡ መቀመጥ ይቻላል።

«ጋሽ ጌጡ፣ እንዳይቀየሙኝ፣ አንዲት ልመና አለችኝ» አሉ። «እባክዎ እምቢ ይበሉን።»

«ከሰጠሁ በኋላ?»

«አልሰጡም እኮ። እኔ ንግግሬን አልጨረስኩም፣ ያልተጠየቀ ልጅ ደግሞ አይሰጥም። እሁድ እንደ አዲስ እንመጣለን፣ እርስዎ እንደ ደንቡ ይመልሱናል፣ በሳምንቱ ኢንሻአላህ ይሰጡናል።»

«እምቢ ማለት አልችልበትም፣ ሐጂ።»

«ይችሉበታል። ወላሂ፣ ለልጅቱ ሲሉ።»

አባዬ ዶማውን አንስቶ ውሃውን ወደ ቀጣዩ መደብ መለሰ። «ለልጅቱ ከሆነ እሞክራለሁ» አለ በመጨረሻ።

እሁድ ጠዋት ሽርጡን አውልቆ ሱሪ ለበሰ። በዚያ ሙቀት ላይ ኮት ደረበ። ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ከዘራም ይዟል። ሽማግሌዎቹ መጥተው ቆሙ፣ ሐጂ ሰይድ ያንን ንግግራቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አወረዱት፤ የሁለቱን ቤተሰብ ዘር፣ የይፋትን ሰው አብሮ መኖር፣ የልጁን ጠባይ፣ የልጅቷን ጨዋነት፣ ምንም አልቀራቸው። አባዬ አስጨረሳቸው። ከዚያ ተነሳና ጀርባውን ሰጣቸው፣ ከዘራውን ወለሉ ላይ መታ። እኔ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል የስንዱን ክንድ ቆነጠጥኩ። ከጢሙ በቀር የጎደለው ነገር አልነበረም።

«ልጄን አልሰጥም» አለ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ። «እናቷ ስትሞት ይህችን ነበር የምታክለው። ፀጉሯን ስሠራላት የኖርኩ እኔ ነኝ። ሹሩባ አላውቅም ነበር፣ ጎረቤት ሄጄ ነው የተማርኩት። አሁን መጥታችሁ ስጠን ትሉኛላችሁ። አልሰጥም።»

ስንዱ አልሳቀችም።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ፤ ከደጅ ሲደርሱ ግን ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። ጀውሃ እስኪገቡ ድረስ ስለዚያ እምቢታ እያወሩ እንደሄዱ ኋላ ሰማን። ልጁን የሚወድ ሰው እንዲህ ነው፣ ይህ ነው ቤተሰብ ተባለ። የዳንኤል እናት ከአልጋቸው ተነስተው እህል ማስፈጨት ጀመሩ። ስንዱም መብላት ጀመረች። እኔ አባዬን «አንተ ሰውዬ፣ ቄሱን ሳይቀር አስለቀስካቸው እኮ» ስለው ከዘራውን ጥግ አስደግፎ ወደ እርሻው ሄደ።

በሳምንቱ ተመልሰው ሲመጡ የቀረው ቃሉ ብቻ ነበር። ሐጂ ሰይድም አብረው እንዲበሉ ሥጋ የሌለበት ምሳ ተሰናድቷል፣ ጎረቤቶች ለእልልታ ጓዳ ገብተው ይጠብቃሉ። ሐጂ ሰይድ ጥያቄያቸውን አሳጥረው አቀረቡ። አባዬ ወለሉን እያየ ቆየ። ሐጂ ሰይድ ሳል አደረጉ። ቄሱ «እንግዲህ…» ብለው ጀምረው ተዉት።

«አልሰጥም» አለ አባዬ።

ሐጂ ሰይድ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጋሽ ጌጡ፣ እምቢታውማ ባለፈው ደርሶናል፣ በቂ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ። «ግን አልወጣ አለኝ።»

ያን ጊዜ ስንዱ ከእጄ አምልጣ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትቆምም፤ እሷ ግን ሄዳ አባቷ ጎን ቆመች።

«አባዬ፣ ጀውሃ እኮ ነው» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ሰንበት ሰንበት እመጣለሁ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ።» ከዚያ ዓይኑን ወደ ሐጂ ሰይድ አነሳ። «ሐጂ፣ የመጀመሪያ ቀን ስሰጣችሁ ለምን አልወሰዳችሁም? ያኔ ችዬ ነበር።»

እኔ፣ ሽንኩርቱ መደብ ላይ የሰማሁትን ይዤ ስመራመር የሰነበትኩት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ መጋረጃው ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። አባቴ የፈራው ያንን ሽማግሌ መምሰል አልነበረም፤ አንዴ እምቢ ማለት ከጀመረ ማቆም እንዳያቅተው ነበር። እናንተ እንግዲህ ያ ከዘራ የሚመታ ሰውዬ ሲመጣባችሁ እንደ ልማዳችሁ እርገሙት። እኔ አልችልም፣ ዘመዴ ሆኗል።

ሐጂ ሰይድ ወንበር ሳቡና አባዬ አጠገብ ተቀመጡ። ቃል ሳይሰማ ሽማግሌ አይቀመጥም፤ ይህን ለአገሩ ሁሉ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ቄሱም ተቀመጡ፣ አጎትየውም። ከጓዳ አንዷ ጎረቤት እልል ልትል ስትል በሌላዋ እጅ አፏ ተያዘ። ማንም አላጣደፈውም፣ ምሳው ቀዘቀዘ፣ ፀሐይዋ ከደጃፉ ወደ ወለሉ መሃል ገባች። ብዙ ቆይቶ አባዬ «ውሰዷት እንግዲህ» አለ። ስንዱ የኮቱን እጅጌ ይዛ ቆማ ነበር፣ እሱም ልቀቂኝ አላላትም።