ማንም የሚያርመው ፎርም

ሰው በምን ይኮራል? አንዱ በከብቱ፣ አንዱ በልጆቹ፤ እኔ ደግሞ በኮምፒውተር። አሶሳ ውስጥ በአንድ ቢሮ ተቀምጬ «ኮምፒውተር አዋቂው» መባሌን፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ ከስሜ አብልጬ እወደዋለሁ። ማተሚያው ወረቀት ሲጎርስ የምጠራው እኔ ነኝ። አጥፍቼ አበራዋለሁ፣ ይሠራል። እነሱ ይደነቃሉ፤ እኔም አልከለክላቸውም።

ታዲያ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ለሚያስተምሩ መምህራን ሥልጠና ሲመጣ፣ ምዝገባውን በኢንተርኔት ፎርም እንደምጨርሰው ለኃላፊያችን ለወይዘሮ ሙሉ ቃል ገባሁ። ወጣት ክልል ነን፤ እስከ መቼ ከሩቁ ድባጤ ወረዳ በመኪና የሚመጣ ወረቀት እየጠበቅን እንኖራለን? እሳቸው አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ። ዝርዝሩ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ በዝርዝሩ ያልገባ ቋንቋ ዘንድሮ ሥልጠና የለውም።

ፎርሙን ሠራሁት፤ አማረ። ከዚያ ከፊቴ የተከፈተውን ገጽ ሊንክ ቀድቼ በቴሌግራም ለመምህራኑ በተንኩት። ለካ የላክሁት መሙያውን ሳይሆን ማዘጋጃውን ኖሯል። ኮምፒውተሩ እኮ ሊንኩ ያለው ሁሉ ማረም ይችል እንደሆነ ጠይቆኝ ነበር። አዋቂ ያነባል እንዴ? እሺ ብዬው አለፍኩ።

ሐሙስ ጠዋት ስከፍተው አንድም መልስ አልገባም፤ ጥያቄዬ ግን የስብሰባ ስም መመዝገቢያ ሆኗል። የሆሞሻው መምህር ሐሚድ «ሙሉ ስም» ካልኩት ሥር «1. ሐሚድ» ብሎ ጽፏል። የቡለኑ መምህር ተከትሎ «2» ብሏል። እንዲህ እያለ ሃያ ስድስት ሰው በተራ ቁጥር ተሰልፎልኛል። አንዱማ ለፊርማ ቦታ አልተተወም ብሎ ቅሬታውን ጭምር አስፍሯል። ከሁሉ የገረመኝ፣ ሁሉም ማጥፋት እየቻለ አንድም ሰው የሌላውን ስም አለመንካቱ ነው። ተናድጄም ቢሆን በሰዎቻችን ኮራሁ።

ጥያቄዎቹን እያደስኩ ወደ ቋንቋዎቹ ስወርድ ያልጻፍኩት ቃል አየሁ። እኔ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻና ኮሞ ብዬ ነበር ያቆምኩት። ከሥር «ማኦ» ተጨምሯል። ማን እንደጨመረው ሳስብ ስልክ ተደወለ። በባምባሲ በኩል የምታስተምር ሐዋ የምትባል መምህርት ናት። በፈራ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ የእኛ ቋንቋ ፈለግሁ፣ የለም። እኔ ጨመርኩ። ጥፋት ነው?» አለችኝ። ፊቴ ጋለ። ፎርሙን በወጉ ዘግቼው ቢሆን ኖሮ ይህች ልጅ ምን ትመርጥ ነበር? ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳት፤ ይህን ቃል ከአፌ ማውጣት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ከዚያ የማረም ፈቃዱን ከእኔ በቀር ለሁሉም ዘጋሁ። በዚህኛው ጊዜ «ላክ» የሚለውን ተጭኜ የመሙያውን ሊንክ አወጣሁ። ሳልበትነው በአንድ የቢሮ ባልደረባዬ ስልክ ከፍቼ ሞከርኩት፤ መሙላት እንጂ መነካካት አይቻልም። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሃያ ስድስቱም ገቡ፤ ሐዋም ማኦን መርጣ ገባች።

ወይዘሮ ሙሉ ዝርዝሩን አይተው ቢሯቸው አስጠሩኝ። በወረቀቱ ዘመን ሁሌ የሚረሳውን ማኦን እንዴት እንዳስታወስኩ በአድናቆት ጠየቁኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ኮቴን አስተካከልኩና፣ ፎርሙ ባለድርሻ አካላትን ከጅምሩ በስፋት አሳትፎ የተዘጋጀ መሆኑን በትሕትና ገለጽኩላቸው።