ግለ ሂስ የሚያምርበት በረኛ

ጥፋቱን አሳምሮ የሚናገር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። በደርግ ጊዜ ላሊበላ የቀበሌያችን ቡድን በረኛ ነበር፤ አያሌው ይባላል። ጎረቤቶቻችን ብልባላዎች አራት ጎል አግብተውበት ሲሄዱ፣ በረኛው ይቀየር አይቀየር ተብሎ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ተጠባባቂው በረኛ እኔ ስለነበርኩ፣ ነገሩ የአብዮቱ ጉዳይ መሆኑ ወዲያው ገባኝ።

«ጓዶች፣ ኳስ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል!» አልኩ። ቤቱ አጉረመረመ።

አያሌው ግለ ሂስ ሊያደርግ ተነሳ። «ጓዶች፣ ሂሴን ውጫለሁ። ዓይኔን መጨፈን ብቻ አይደለም፣ ፊቴንም አዞራለሁ። አራተኛዋ ስትገባማ ጀርባዬን ሰጥቻት ነበር» አለ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እንዲህ ያለ ግልጽ ጓድ እንዴት ይቀየራል? አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። እኔም ምን ላድርግ፣ አጨበጨብኩ።

በሳምንቱ ከአሸተን ተራራ ሥር ከብልባላዎች ጋር ዳግም ገጠምን። የመጀመሪያዋ ኳስ ወደ ጎሉ ስትመታ አያሌው እጁን አነሳ። ሊይዛት መስሎኝ ነበር።

«ጓዶች፣ ሂሴን ውጫለሁ!» አለ። ኳሷ ገና መንገድ ላይ ነበረች።