ዶክተር ቀይ ሥር

ዛሬ ጠዋት የልብ ምርመራ አልጋ ላይ በግራ ጎኔ እንደተኛሁ ሸለብ አደረገኝና ሕልም አየሁ።

ለጡት ካንሰሬ ከሚሰጡኝ መድኃኒቶች አንዱ፣ ያ ቀዩ፣ ልብ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ዶክተር ናሆም አራተኛውን ዙር የሚፈቅድልኝ ልቤን አይቶ ነው። እህቴ እታለማሁ ደግሞ መፍትሔው ቀይ ሥር ነው ብላ፣ ከረጢቷን አንጠልጥላ በየሄድኩበት ትከተለኛለች። ዶክተሩ ግን "እኔ ሳላውቅ አንዲት ቅጠል እንዳይቀምሱ!" ብሎኛል። አራተኛውን ዙር ቢከለክለኝስ እያልኩ ስፈራ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

በሕልሜ ሆስፒታሉ ያው ነበር። ሐኪሞቹ ግን ካርድ ይዘው ተሰልፈዋል። እኛ በሽተኞቹ ነጭ ጋዋን ለብሰን "ነገ ተመለሱ" እንላቸዋለን። ደስ ሲል! እኔ ብቻዬን ሦስቱን መለስኩ።

ውስጥ ስገባ ቀይ ሥር መነጽር አድርጎ ወንበሩ ላይ ተሰይሟል። ልቤ እግሩን አነባብሮ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል።

"ምን ሆነህ መጣህ?" አለው ቀይ ሥር።

"እኔ ደህና ነኝ። ያመጣኋት እሷን ነው" አለ ልቤ፣ ወደ እኔ እያመለከተ። "ፍርሃት ይዟታል።"

በሩ ተከፈተና ቀዩ መድኃኒት መርፌውን ታቅፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባ።

"ካንሰሩን እያሳደድኩ ነው። ልቧን ሳልረግጥ የማልፍበት መንገድ አሳዩኝ" ብሎ ለመነ። አሳዘነኝ።

ከኋላው የገቡት እርድ፣ ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት "ልቧን የምጠብቀው እኔ ነኝ!" እያሉ ተጯጯሁ። ጸጥ ያሰኘቻቸው ፕሮፌሰር አይጥ ናት።

"የእናንተ መድኃኒትነት እኛ አይጦች ላይ ሠርቷል" አለች ጢሟን እያሻሸች። "ሰው ላይ ግን ገና ነው። ሰዎቹን ሳጥን ውስጥ አስገብተን እያጠናን ነው።"

"እስከዚያ እኔ ምን ልሁን?"

"እስከዚያማ እንጨፍራለን!" ብሎ ልቤ ብድግ አለ። ትከሻ የለው፣ እስክስታውን አስነካው። ቀይ ሥር ጠረጴዛውን መታለት፤ የተሰለፉት ሐኪሞች አጨበጨቡ። እልል ልል አፌን ስከፍት፦

"ወይዘሮ የሺመቤት፣ ጨርሰናል" አለኝ ዶክተር ናሆም። "ልብዎ ደህና ነው። አራተኛውን ዙር ነገ ይወስዳሉ።"

ነቃሁ። እልልታዬንም እዚያው ለቀቅኩት። ከዚያ ልብሴን እየቆለፍኩ ዞር ስል፣ እታለማሁ ዶክተሩን "ምነው እንዲህ ገረጣህ ልጄ?" እያለች ከረጢቷን ፈትታለች። ዶክተር ናሆም በመድኃኒት ማዘዣው ወረቀት ላይ የምትለውን ይጽፋል።

"ቀቅዬ ነው ወይስ ጥሬውን?" ይላታል።

ነርሷ ከኋላው ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች።