ሦስት ትኬት ወደ ፀበል

እኛ ሰፈር ያለ ምክንያት መንገድ የሚወጣ ሰው የለም። ለለቅሶ ይኬዳል። ለሠርግ ይኬዳል። ለንግሥ፣ ለሕክምና፣ ለሥራ ይኬዳል። «ለመዝናናት» የሚል ግን እስካሁን አልገጠመኝም፤ ቢኖርም አይናገርም። ካላመናችሁ ሻንጣ ይዛችሁ ከገላን ኮንዶሚኒየም በር ውጡና ጥበቃው «በሰላም ነው?» ሲላችሁ «አዎ፣ እንዲሁ ደስ ብሎኝ ልዞር ነው» በሉት። ታክሲ ሳታገኙ ስለ ጤናችሁ ስብሰባ ይጠራል።

ለዚህ ለዚህ ፀበል አለ። ፍል ውሃ ወርዶ ሦስት ቀን ሲዋኝ የከረመ ጎረቤት «ፀበል ነበርኩ» ይላል። ውሃ ውስጥ መግባቱ እውነት ነው። ፊቱ ጠቁሮ፣ ሆዱ ገፍቶ ቢመለስም የሚጠይቀው የለም። ጠያቂውም ዐምና የት እንደከረመ ራሱ ያውቃላ።

እኔም ሰሞኑን ፀበል ልሄድ ነው። ታጁራ።

ታጁራን ለማታውቋት፦ ጅቡቲ ውስጥ ያለች ጥንታዊ ወደብ ናት። ቤቶቿ ነጫጭ፣ መስጊዶቿ ብዙ ናቸው። ድሮ የሸዋ ነጋዴ ግመሉን እየነዳ እስከዚያ ይወርድ ነበር። ባሕር ዳር ላይ ናት፤ ባሕር ዳር ስል ጎጃም ያለችውን ማለቴ አይደለም። ይኸውላችሁ፣ ባሕር የለንም እንጂ አፋችን በባሕር የተሞላ ነው። ከብሎካችን ጀርባ ያለው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው። ዘመድ ያለው ሰው ዘመዱ ባሕር ማዶ ነው። የመጋዘናችን ዘበኛ ባሕሩ ይባላል። እኔ ራሴ ቃሊቲ በሚገኝ አንድ መጋዘን የንብረት ክፍል ሠራተኛ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ባሕር መዝገብ ላይ ስጽፍ እውላለሁ። አንድ ጠብታ ውሃ አይቼበት አላውቅም።

የጉዞው ሐሳብ የእኔ አይደለም። የባለቤቴ የሰላም ነው። የስድስተኛ ክፍል የኅብረተሰብ መምህርት ነበረች። ነበረች ማለቴን ልብ ብላችኋል። ጥቅምት ላይ ታመመች፣ ኅዳር ላይ አረፈች። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ወጉ ስለ ባሕር ነው።

ሰላም በየዓመቱ በእንጨት ካርታውን እየነካች ለሃምሳ ልጅ «ይህ ሰማያዊው ባሕር ነው» ትል ነበር። ራሷ ግን አይታው አታውቅም። ይህ ያሳፍራት ነበር። ልጃችን ሶስና አንድ ቀን «ባሕሩ የት ጋ ነው የሚያልቀው?» ብላ ጠየቀቻት። «ስድስት ዓመት ሲሞላሽ ሄደን እናያለን» አለቻት። ሶስና ጥር ላይ ስድስት ዓመት ሞላት። በዚያ ሳምንት አንድ ጊዜ ጠየቀችኝ። «እናያለን» አልኳት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም። ልጅ በየቀኑ ሲጠይቅ ይሰለቻል። አንድ ጊዜ ጠይቆ ዝም ሲል ግን ሌላ ነገር ነው።

ደብተሩን ያገኘሁት መጋቢት ላይ ነው። ሰላም ጉዞውን ያቀደችው መምህር እንደሚያቅደው ነው። ገጹን በማስመሪያ ከፋፍላዋለች። ርዕስ፦ ባሕር። ዓላማ፦ ከዚህ ጉዞ በኋላ ሶስና ባሕርን ከሐይቅ ለይታ ትናገራለች። የመምህሯ ተግባር፦ ማሳየት። የተማሪዋ ተግባር፦ ማየት። መርጃ መሣሪያ፦ 3 ትኬት፣ ኮፍያ፣ ጃንጥላ፣ የጉልበት ቅባት። የመጨረሻው ግምገማ የሚለው ነው፤ ባዶ ነው።

ገጾቹ መካከል ሁለት ፓስፖርት ነበር፤ የእሷና የሶስና። የሶስናን እኔም ፈርሜበት ኖሯል። ሰላም ያቀረበችልኝን ወረቀት አንብቤ ፈርሜ አላውቅም። የእኔ ፓስፖርት አልነበረም። የእነሱን አስቀድማ ለእኔው ሳትደርስ ቀረች አልኩ። የጉልበት ቅባቱን ሳይ ደግሞ ልቤ ተነካ። ኳስ ስጫወት የተጎዳውን ጉልበቴን እንኳ አልረሳችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ዕቃ ስረከብ ሳልቆጥር አልፈርምም። «ሦስት ካርቶን» የሚል ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ሦስቱ ምን ምን እንደሆኑ ሳይነግረኝ በሩን አያልፍም። ሦስት ትኬት የሚለውን ግን እንዳለ ተረከብኩ።

የእኔን ፓስፖርት ለማውጣት ተሰለፍኩ። የሠራተኞች ቀን ዘንድሮ ዓርብ ይውላል፤ ሰኞን ፈቃድ ጠየቅኩ። አራት ቀን አገኘሁ። ከዚያ ምክር ፍለጋ አንድ ፎቅ ወርጄ የጋሽ ሰይድን በር አንኳኳሁ። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። ከእኔ ዕድሜ ባልተናነሰ ጊዜ ጅቡቲ ሲመላለሱ የኖሩ የተሳቢ ሹፌር ናቸው። ባሕሩ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የቱ ባሕር?» አሉኝ። ወደብ ማለት ኮንቴይነር ነው አሉ። ከኮንቴይነሩ ጀርባ ባሕር አለ ሲባል ሰምተዋል፤ ግን ወረፋቸውን ለቀው ስለማያውቁ አላዩትም። የምሄድበትን ቀን ስነግራቸው ደግሞ አንገታቸውን ነቀነቁ። «በግንቦት ዋዜማ? ወላሂ የሶስና አባት፣ ያኔ እዚያ ጥላው ራሱ ጥላ ይፈልጋል።»

ይህ ጭንቅ ነው። እኔ ሙቀት አልችልም። ሳሪስ ላይ ታክሲ ስጠብቅ እንኳ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያ መነጫነጭ እጀምራለሁ። ሰላም ትስቅብኝ ነበር። ቢሆንም ጋሽ ሰይድ ወረቀት አውጥተው ሠሩልኝ፤ በባቡር ይህን ያህል፣ በጀልባ ያን ያህል። ተደምሮ ሲታይ ለአንድ ቀን ባሕር ሦስት ቀን መንገድ ሆነ። «ሐጅ ይቀላል» አሉኝ።

መንገዱ ግን አላስፈራኝም። ያስፈሩኝ እማማ ጽጌ ናቸው።

እማማ ጽጌ የሰላም እናት ናቸው። ሳሪስ አቦ ነው ቤታቸው። ከኅዳር ወዲህ ሁለት ጊዜ «ልጅቷን ወደ እኔ አምጣት» ብለውኛል። ምክንያት አላቸው። የሶስናን ፀጉር የምሠራው እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም ሳይነግራችሁ ሲያዩት ይታወቃል። ሁለቱንም ጊዜ «እስቲ እናያለን» ብዬ አለፍኩ። ሦስተኛውን በሽማግሌ እንደሚያደርጉት አልጠፋኝም። እንግዲህ አስቡት። የሚስቱ ዓመት ያልወጣለት ሰው፣ ልጅ አንጠልጥሎ፣ ድንበር ተሻግሮ፣ ባሕር ዳር ሊንሸራሸር ነው። ሽማግሌዎቹ ቁጭ ለማለት እንኳ ጊዜ አይፈጅባቸውም። ሶስናን ካጣሁ ያ ቤት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።

ስለዚህ ሰፈሬ ያስተማረኝን አደረግኩ። «እማማ፣ ለበዓሉ ሶስናን ይዤ ፀበል ልሄድ አስቤያለሁ» አልኳቸው።

«ደግ። ወዴት ነው?»

«በምሥራቅ በኩል ነው።»

«ምሥራቅ ሰፊ ነው።»

«በባቡር ነው የሚኬደው።»

«የማን ፀበል ነው?»

አቦ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸው ግን የአቦን ፀበሎች እንደ ልጆቻቸው ስም ያውቃሉ። «የሚካኤል» አልኩ። ሚካኤል የሌለበት አገር የለም።

«ባሕር ያሻገረው» አሉ እማማ ጽጌ። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። እኔ አሜን አልኩ። ለምን አሜን እንዳልኩ እስካሁን አልገባኝም።

ውሸት ብቻውን ቢሄድ ጥሩ ነበር። እማማ ጽጌ ለማኅበር ጓደኛቸው ነገሩ፤ የጓደኛቸው እህት ደግሞ የምትኖረው እኛ ብሎክ ነው። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ደጃፌ ላይ አምስት ባዶ ሃይላንድ ተደርድሮ ጠበቀኝ። አንዱ ለወገብ ነው። አንዱ ፈተና ላይ ለሚንቀጠቀጥ ልጅ ነው። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጄሪካን ይዘው መጡና ለኩላሊታቸው እንደሆነ ነገሩኝ፤ ትንሽ ቆይተው ሌላ ጄሪካን አመጡ፤ ይህኛው ለስብሰባው ነው፣ ሰላም እንዲወርድ። ጋሽ ሰይድ ሳይቀሩ አንድ አምጥተዋል። ምሥጢሩን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ በደረጃው ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ «የመኪናዬ ራዲያተር ታሞብኛል» ብለው ሰጡኝ።

እስከ ማታ ሌሎችም ሲጨምሩ አሥራ አንድ ዕቃ ሆነ። ሰዎቹ በእምነት ነው የሰጡኝ። ሌሊቱን በጭንቀት ብቻ አላሳለፍኩትም፤ መፍትሔም አገኘሁ። ስመለስ ሳሪስ ወርጄ ከአቦ እሞላላቸዋለሁ። ፀበሉ እውነተኛ ይሆናል። የሚዋሸው መንገዱ ብቻ ነው።

እሁድ ምሳ እማማ ጽጌ ቤት ነበርን። ሶስና አዲሱን ኮፍያዋን አላወልቅም ብላ በኮፍያ ትበላለች። ስለ ባሕር ትንፍሽ እንዳትል አስጠንቅቄያታለሁ። ቃሏን ጠበቀች። ስለ ባሕር አንድ ቃል አልወጣትም።

«እማማ» አለች፣ «ፀበሉ ውስጥ ዓሣ አለ አይደል?»

«ምን ዓይነት ዓሣ?»

«ትልልቅ። መርከብም አለ።»

እማማ ጽጌ ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡ። አላዩኝም። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡና ወደ ጓዳ ገቡ። የሳጥን ክዳን ሲከፈት ሰማሁ። ለሶስና አንሶላ ሊያወጡ ነው አልኩ በልቤ። «በል እንግዲህ አንተ ሂድ፣ ልጅቷ እዚህ ትቀራለች» ሊሉኝ ነው።

በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። ፌስታሉን ፈቱት። ፓስፖርት ነው። ዐምና «ለኢየሩሳሌም» ብለው ያወጡት፣ ዕድሩ በሙሉ አስቀድሞ እንኳን አደረስዎ ያላቸው ፓስፖርት።

«ደብተሩን አግኝተኸዋል» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

«ስንት ትኬት ይላል?»

«ሦስት።»

«ማንና ማን?»

«ሰላም፣ ሶስና እና እኔ።»

እማማ ጽጌ ከኅዳር ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አንተ? ታክሲ ስትጠብቅ የምትቀልጥ ሰውዬ!» አሉኝ። «ሰላም፣ ሶስናና እኔ ነን እንጂ። አንተን ‹ሲነጫነጭ ባሕሩን ያስረሳናል› ብላ ቤት ልትተውህ ነበር።»

የጉልበት ቅባቱ ትዝ አለኝ። ለካ ጉልበቱ የእኔ አይደለም።

«እና እኔን ምን ልትሉኝ ነበር?»

«ፀበል» አሉ። «የሚካኤል።»

ሶስና አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ሳቁ ከፊታቸው ቀስ እያለ ሄደ። ፓስፖርቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ አቧራ አልነበረውም።

«ልጅቷን አምጣት ያልኩህን ትቼዋለሁ» አሉኝ። «ለእሷ ብለህ እኔን እንዲህ ከዋሸኸኝ፣ ማሳደጉም አያቅትህም። ፀጉሯን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እያመጣህ አሠራት፤ ሰው ያያል።»

እሺ አልኩ።

«የእናቷ ቦታ አለ» አሉ ከዚያ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ና እንግዲህ። እንዳትነጫነጭ ብቻ።»

ስንወጣ በር ላይ፣ ጥቁር ለብሰው ባሕር ሲሄዱ ሰው ምን ይላል ብዬ ጠየቅኳቸው። «ማን ነው ባሕር የሚሄደው?» አሉኝ ቆጣ ብለው። «ፀበል ነው የምንሄደው።» ልክ እንደ እውነት ነው ያሉት። እኔም ለአንድ አፍታ አመንኳቸው።

ዓርብ ማለዳ እንነሣለን። ደብተሩን እይዘዋለሁ፤ የሰላምን ፓስፖርት ከውስጡ አላወጣሁትም። መርጃ መሣሪያ በሚለው ሥር በእኔ ጽሕፈት አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፦ ባዶ ሃይላንድና ጄሪካን፣ አሥራ አንድ። የጉልበት ቅባቱን ገዝቻለሁ። ትኬቱን ደግሞ እንደ ሥራዬ ቆጠርኩት፣ በየስሙ።

ደብተሩም ሦስት ይላል። ማረም አላስፈለገኝም።