ሁለት እጀታ ያለው ካሜራ

ጋቢ ገዝቶ የሚያውቅ ደባርቄ ሁሉ ግማሽ መሐንዲስ ነው። የሚያሞቀው ይከብዳል፤ የማይከብደው አያሞቅም፤ አንዱን መርጦ ሲማረርበት ይኖራል። እኔ ይህን ለመማር አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀመጥኩ። የመመረቂያ ሥራዬ ለጠላቂዎች የሚሆን የውሃ ውስጥ ካሜራ መያዣ ነበር። አማካሪዬ ባሕር በሌለው አገር ምን ያደርጋል ብሎ ዝቅተኛ ውጤት ሰጠኝ፤ በዓመቱ ያንኑ ንድፍ በራሱ ስም አቅርቦ ተሸለመበት። ይቅር ብዬዋለሁ። በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ይቅር እለዋለሁ።

እንግዲህ የአባ ወርቁ የእጅ መስቀል ፏፏቴው ሥር ካለው ጥልቅ ጠበል ገባ ሲባል ደስ አለኝ ብል ትፈርዱብኛላችሁ? አባ አጥማቂ ናቸው። መስቀሉ የመምህራቸው ስጦታ ስለሆነ እሱ እስኪገኝ አላጠምቅም ብለው ተቀመጡ። ከጃናሞራ በቃሬዛ የመጣ በሽተኛ ሳይቀር ይጠብቃል። ዋና የሚችለው ደግሞ የአዲ አርቃዩ ሹፌር ፋንታሁን ብቻ ነው፤ ሦስት ጊዜ ጠልቆ ጨለማ ነው እያለ ወጣ።

የእኔ ቀን መጣ። ስልኬን ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ከትቼ ፊቱን በመስታወት ዘጋሁ። በውስጡ ባለው አየር ተንሳፈፈ፤ ብረት ባስርበት ከበደ። ለብርሃን የእጅ ባትሪ አጠገቡ ሳስር ደለሉን እንደ ጉም አበራው፤ ሳርቀው ባትሪውን የተሸከመው ዘንግ ረዝሞ ተወዛወዘ። እንዳይወዛወዝ ግራና ቀኝ እጀታ አበጀሁለት። ፋንታሁን ዞር ዞር ብሎ አየውና፣ "ጋሼ፣ የምጠልቀው እኔ ነኝ ወይስ እሱ?" አለኝ። የተማረ ሰው እንዲህ ላለ ጥያቄ አይመልስም። አባም ዕቃውን ባረኩት፤ ጠበል ረጩበት።

ፋንታሁን ይዞት ገባ፤ ወጣ። ስልኩን ከፍተን የቀረጸውን ተሰብስበን አየን። መስቀሉ በሁለት ድንጋዮች መካከል ተሰክቶ፣ ቅርጹ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። ከዚያ ቀስ እያለ ከምስሉ ወጣ። ደነገጥኩ። አጠገቡ ደርሶ ለምን እንዳላነሣው ፋንታሁንን ጠየቅሁት።

"በየትኛው እጄ?" አለ።

አንዱን እጀታ መልቀቅ ነበራ አልኩት። አሁን የደነገጠው እሱ ሆነ። አባ የባረኩትን ዕቃ በአንድ እጅ እንዲይዝ የምመክረው የማን ልጅ ብሆን እንደሆነ ጠየቀኝ። ሽማግሌዎቹም ልክ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ግፊቱን አስልቻለሁ፣ ብርሃኑን አስልቻለሁ፣ ክብደቱን አስልቻለሁ። ሰው ስንት እጅ እንዳለው ማስላት ግን ለካ ረስቻለሁ።

አባ ብዙ አላሰቡም። "ቦታውን አሁን አውቆታል፤ ልጄ፣ አንተ ዕቃውን ያዝለትና እሱ ይግባ" አሉኝ። ፋንታሁን ባዶ እጁን ጠለቀ። መስቀሉን ይዞ ብቅ ሲል እልልታው ገደሉን ሞላው፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከእኔ በቀር። ሁለቱም እጆቼ ተይዘው ነበር።