መምህር ይኸነውና የታፈነው ድንች

በየሰፈሩ ማንም ሳይጠይቀው የሚያስረዳ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ የእንጅባራ ሰፈር የደረሱት ክቡር መምህር ይኸነው ናቸው። ጡረታ የወጡት ከባዮሎጂ ክፍላቸው እንጂ ከማስተማሩ አይደለም።

ጎረቤታቸው ዘውድነሽ በጠዋቱ ብርድ ከአፏ እንፋሎት ሲወጣ በአጥሩ ካዩ አለቀላት።

«ዘውድዬ፣ ይኸ የሚወጣው የትናንት ማታው ድንችሽ ነው። ሴሎችሽ በኦክስጅን አንድደው ኃይሉን ወሰዱ፤ የተረፈው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወጣ። ወደ ሴሉ እንውረድ።»

መውረድ ማለት ግማሽ ሰዓት ነው።

ዳገት ላይ የሚያቃስት ባጃጅ አስቁመው ሾፌሩን፣ «ያንተ ሞተር ነዳጁን ባንዴ ያፈነዳዋል፤ የኔ ሴል ምሳዬን ጥቂት በጥቂት ነው የሚያነደው። በአፍንጫዬ የማላጨሰው ለዚህ ነው» ብለውታል። ሾፌሩ ከዚያ ወዲህ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል። ለቅሶ ቤት እንኳ «በረጅሙ ተንፍሱ፣ ለቅሶ ኃይል ይፈጃል» እያሉ አልቃሹን አስተባብረዋል።

አንድ ቀን ያልታሰበ የበጋ ዝናብ ጣለና የዘውድነሽ ጣሪያ አፈሰሰ። የዓመት ተስፋዋ አራት ኩንታል ዘር ድንች ነው። በላስቲክ ጥቅልል አድርጋ ሸፈነችው፤ ጠርዙን በድንጋይ ያዘችው።

መምህር በአጥሩ አዩ። «አንቺ፣ ልትገያቸው ነው? ይተነፍሳሉ እኮ።»

«ድንች ሳንባ አለው እንዴ፣ መምህር?»

«ሳንባ የለውም፣ ሴል ግን አለው። ወደ ሴሉ...»

«እርስዎ ይውረዱ፤ እኔ ጥሊሊ ገበያ ልሂድ።»

በሦስተኛው ቀን እጇን ከላስቲኩ ሥር ብትሰድ ድንቹ እንደታመመ ልጅ ግንባር ይፋጃል፤ ላስቲኩ በላብ ርሷል። «መምህር፣ ይድረሱልኝ» አለች በአጥሩ።

መጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁና አንድ ድንች ወደ ጆሯቸው አስጠጉ።

«ገና በሕይወት አለ» አሉ። «ሲተነፍስ ሙቀት ያወጣል፤ መውጫ ስትነሺው ራሱን ይቀቅላል።»

የእሷ ጣሪያ ስለሚያፈስ ድንቹ በመምህር ሳሎን ወለል ላይ ተሰጣ፤ ሦስቱም መስኮቶች ተበረገዱ። ከግማሽ ጆንያ በቀር ዘሩ ሁሉ ተረፈ። መምህር ግን ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ብርድ ለድንቹ አየር ሲያስገቡ ከርመው ድምፃቸው በጉንፋን ተዘጋ።

ሰፈሩ ጸጥ አለ። ዘውድነሽ ከአፏ እንፋሎት እያወጣች በአጥሩ አለፈች፤ ያስቆማት የለም። በማግስቱም አለፈች። በሦስተኛው ቀን መለስ ብላ አጥሩን አየችው፤ ከዚያ ድንች ቀቅላ፣ ሚጥሚጣ ነስንሳ፣ ወለሉ ላይ የተሰጣውን እየተሻገረች ገባች።

መምህር ሳህኑን አዩ፤ ወለሉን አዩ። «በፊታቸው?» አሉ በሰለለ ድምፅ።

«ይብሉ። ከዚያ ወደ ሴሉ እንወርዳለን» አለችና ወንበር ሳበች። «ግማሽ ሰዓት አለኝ።»