ጋሽ አብዱልሐሊም እጃቸውን ሲያሳርፉ

የመኪና ኮፈን በተከፈተበት ቦታ ሁሉ አንድ ሰው ከመሬት ይበቅላል። አካባቢው ጭው ያለ ሜዳ ይሁን፣ አንድም ቤት አይታይ፤ ኮፈኑ ቀና ባለ ቅጽበት ይህ ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከጎንዎ ቆሟል። መኪና የለውም። መንጃ ፈቃድም የለውም። አስተያየት ግን አለው።

በመርሳ ከተማ ይህ ሰው ጋሽ አብዱልሐሊም ናቸው። ክቡር የኮፈን አማካሪ፣ የሞተር ሐኪም፣ ከሲሪንቃ እስከ ውርጌሳ መንገድ ዳር ለቆመ ተሽከርካሪ ሁሉ ማንም ያልሾማቸው የበላይ ኃላፊ። የሚታወቁት በሁለት ንግግር ነው። አንደኛው "ነግሬያለሁ" ሲሆን፣ ይህን የሚሉት ምንም ሳይናገሩ ነው። ሁለተኛው "እስቲ እጄን ላሳርፍበት" ነው።

እጃቸውን ያላሳረፉበት ነገር የለም። ነዳጅ የጨረሰ ሚኒባስ ላይ አሳርፈው "ባትሪው ነው" ብለዋል። ጤፍ የጫነ አይሱዙ ላይ አሳርፈው "ደክሞታል፣ ይረፍ" ብለዋል፤ አረፈ፣ ተነሳም። የናጅዋ ጁስ ቤት መፍጫ እምቢ ያለ ጊዜ ደግሞ ክዳኑን ዳሰስ አድርገው "አዝኗል" አሉ። ከዚያ ክዳኑን እንደከፈቱ ማስነሻ ቁልፉን ነኩ። የፓፓያው ጠብታ እስከ ዛሬ ጣሪያው ላይ አለ፤ ናጅዋ ደንበኞቿን ቀና ብለው እንዲያዩ ትጋብዛለች።

አንድ ነገር ግን ማንም ልብ አላለም። የተበላሸው መኪና ተነስቶ ሲሄድ ጋሽ አብዱልሐሊም አቧራው ውስጥ ቆመው፣ መኪናው ከኩርባው እስኪሰወር እጃቸውን ያውለበልባሉ። "ይግቡ" ያላቸው ሰው የለም። መኪናው የተነሳለት ሰው ይቸኩላላ። ስለዚህ የወልድያን መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ ሲተርኩ የኖሩት ሰው ከመርሳ ብዙ ርቀው አያውቁም። የሐይቅን ከተማና ውኃዋን አይተው ያውቁ እንደሆነ የጠየቃቸው ካለ፣ "ምን አላት? ሐይቅ ማለት ውኃ ነው። ውኃ ደግሞ ያው ውኃ ነው" ብለው ያልፋሉ።

የናጅዋ ባል ሂሻም ብረት በያጅ ነው። ዕድሜውን በርና መስኮት ሲበይድ ኖሮ ዘንድሮ ከሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች የጀልባ ትእዛዝ መጣለት። ጀልባዋን ሠራ፤ የምትጫንበትን ተሳቢም ሠራ። ያለቀች ዕለት በሩ ላይ ቆሞ ብዙ አያት። ከዚያ ከሚንቋቋ ብረት ይህች ዓሣ የመሰለች ነገር መውጣቷን ማመን አቃተው።

"ቀለም!" አሉ ጋሽ አብዱልሐሊም። "ዝገት ሌባ ነው፣ በሩን ሁሉ ዝጋበት።"

ዘጋበት። ጀልባዋንም ተሳቢዋንም አረንጓዴ ቀባቸው፤ ተሳቢዋ ከመኪናው መጎተቻ ኳስ ጋር የምትያያዝበትን የአንገቷን ጽዋ እንኳ ከውስጥ ሳይቀር ደጋግሞ ቀባው።

ቀኑ ደርሶ የወልድያው ሾፌር ሸሻይ ሂሻምን ይዞ በፒክአፑ ጎትቷት ሲወጣ፣ የውርጌሳ ትራፊክ የኋላ መብራቷን አይቶ ወደ መርሳ መለሳቸው። ፍሬን ሲረገጥ የግራ ፍሬቻ ይጨናበሳል። ፍሬቻ ሲሰጥ ሁሉም ይጠፋል። አስጋሪዎቹ ደግሞ ለሂሻም ቁርጡን ነግረውታል፤ ዛሬ ጀምበር ሳትጠልቅ ካልደረሰች የሌላ ሠሪ ጀልባ ይይዛሉ።

ሂሻም አምፖል ቀየረ። ፊውዝ ቀየረ። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ተከተለው፤ የተቆረጠ የለም።

"ነግሬያለሁ" የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ።

"ምን ብለው?" አለ ሸሻይ ከመሪው ላይ ሆኖ።

"እንደማይበራ።"

"መቼ ነው የነገሩን?"

"አሁን።"

ናጅዋ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ሂሻም ግን መሳቅ አልቻለም፤ ፀሐይዋን ነበር የሚያየው።

"እስቲ እጄን ላሳርፍበት" አሉ ጋሽ አብዱልሐሊም። አንድ እጃቸውን የተሳቢዋ አንገት ላይ ጥለው በሙሉ ክብደታቸው ተደገፉ፤ ሌላውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። "ያ ረቢ! ለዚች ጀልባ ብርሃን ስጣት። የልጃችንን ልፋት ውኃ አታስበላው።"

"አሚን!" አሉ ሁሉም። ሸሻይም አማተበና "አሜን" አለ።

መብራቱ በራ። ግራና ቀኝ፣ እንደ ሁለት የበሰለ ቲማቲም ቀላ። ናጅዋ እልልታዋን አቀለጠችው። ጋሽ አብዱልሐሊም ዱዓቸውን ጨርሰው በሁለት እጃቸው ፊታቸውን አበሱ፤ መብራቱ ጠፋ። እጃቸውን መለሱ፤ በራ። አነሱ፤ ጠፋ። ሰዉ ሁሉ ደነገጠ፤ ከሁሉ የደነገጡት ግን እሳቸው ነበሩ። በዚህ ሁሉ ዘመን እጃቸው ሲሠራ ያዩት ያን ዕለት ነው።

"በቃ፣ ጋሼን ይዘናቸው እንሄዳለና!" አለ ሸሻይ እየሳቀ።

ጋሽ አብዱልሐሊም አልሳቁም። "እኔን?" አሉ። ቀስ ብለው ደግመው "እኔን ነው?" አሉና፣ "ሽርጤን ቀይሬ መጣሁ" ብለው ወደ ቤታቸው ሮጡ። ሲሮጡ ያየ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

እሳቸው ሲሄዱ ሂሻም ተንበረከከ። እጅ ምን አለው? ክብደት አለው። አንገቷን በጉልበቱ ጫን አላት፤ በራ። ያኔ ገባው። በሽቦ የሄደው ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በብረቱ በኩል ነው፤ የመመለሻውን በር በቀለም የዘጋው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። የተጫናት ሲኖር ብረት ከብረት ይነካካል፤ ሲነሳ ይለያያል። ጽዋውን በሞረድ ፍቆ አነጣው። ለዋስትና ከተሳቢዋ ብረት እስከ መኪናው ብረት አንድ ሽቦ ዘርግቶ አሰረ። ማንም ሳይነካት በራች፤ ቁልጭ ብላ።

"ተገላገልን! ግባ፣ እንሂድ" አለ ሸሻይ።

ሂሻም እግሩን ወደ መኪናው ሲያነሳ ጋሽ አብዱልሐሊም ከኩርባው ብቅ አሉ። ንጹሕ ሽርጥ፣ እስከ አንገት የተቆለፈ ነጭ ሸሚዝ፣ እጃቸው ላይ በፌስታል የቋጠሩት ስንቅ። በየደጁ ለቆመው ሁሉ "ሐይቅ ልወርድ ነው። ምን ላድርግ፣ ያለኔ አይበራላቸውም" እያሉ ይመጣሉ።

ናጅዋ ባሏን አየችው። እንዲህ የምታየው ደግሞ ለዋዛ አይደለም።

"ሸሻይ" አለ ሂሻም፣ "መብራቱን አጥፋው።"

ሸሻይ የሚመጡትን ሽማግሌ አየና አጠፋው።

ጋሽ አብዱልሐሊም ፒክአፑ ላይ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ኋላ አድርገው ተቀመጡ፤ መዳፋቸውንም የጀልባዋ አፍንጫ ላይ አሳረፉ። "ቢስሚላህ!"

"አብራ!" አለ ሂሻም።

ውርጌሳ ላይ ትራፊኩ ዞሮ አየ፤ መብራቱ ሙሉ ነው። "እኚህስ አባት?" አለ።

"የመብራት ባለሙያችን ናቸው" አለ ሂሻም። ጋሽ አብዱልሐሊም እጃቸውን ሳያነሱ በአገጫቸው ሰላምታ ሰጡት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት ውኃው ከሩቅ ታየ፤ ሰማዩን ገልብጦ የተኛ፣ ከዳር እስከ ዳር ወርቅ። ሂሻም በኋላው መስኮት ዘወር ብሎ አየ። ጋሽ አብዱልሐሊም አፋቸውን ከፍተው ዞረዋል፤ ሁለቱም እጃቸው አየር ላይ ነው። ድንገት ትዝ አላቸው። ጎንበስ ብለው በጀልባዋ ጎን ወደ ኋላ ተመለከቱ። ቀዩ ብርሃን ቦግ እንዳለ ነው። መዳፋቸውን አገላብጠው አዩ።

እጃቸውን ቀስ ብለው የጀልባዋ አፍንጫ ላይ መለሱ። በሌላው የፒክአፑን ጣሪያ ደበደቡ።

"ሂሻም! ነግሬህ ነበር እኮ!"

"ምን ብለው ጋሼ?"

"ሐይቅ ዝም ብላ ውኃ እንዳልሆነች!"

"አዎ፣ ነግረውኛል" አለ ሂሻም።